የተነቀለው አጣና

«ካቡ ላይ ወጥታ ስትጫወት ነው የተናደባት። ይህቺን ብቻ ትናገሪያለሽ፤ አለቀ» አሏት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ባየው፣ ከቢሯቸው ጀርባ ገለል አድርገው።

ማስተዋል መሬት መሬት አየች።

«አጣናውን የነቀላችሁት እናንተ ናችሁ። ነገሩ ከተነሣ ላንቺም አይበጅሽም።»

እውነት ነው፤ ነቅላዋለች። ከወረዳ እንግዳ ይመጣል በተባለበት ጠዋት፣ «ያንን አስቀያሚ እንጨት ከፊቴ አንሡልኝ» ያሉት ግን ራሳቸው ናቸው። ያዘመመው የግቢው የድንጋይ ካብ ክረምቱን ያለፈው በዚያ አጣና ተደግፎ እንደሆነ የጎረቤላ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አንቺ፣ ክንድሽ ነው ሰንበሌጥ? ሳቢ እንጂ!» ብላ ያን ጠዋት አብራት የምትነቅለው ጓደኛዋ ፀደንያ ሳቀችባት። ሳቡት። ማስተዋል አጣናውን ተሸክማ ዘወር ከማለቷ ካቡ ከኋላዋ ተናደ። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ።

ፀደንያ አሁን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝታለች። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች የለም።

ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። የፀደንያ እናት እትዬ ደመቀች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አቶ ባየው እንደ አገሩ ወግ የይቅርታ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ከፊታቸው አጎነበሱ። ድንጋዩን ያነሡት ከዚያው ከካቡ ፍርስራሽ ነው።

«ልጅ ልጅ ነው፣ ካብ ላይ ይወጣል። በይ ደመቀች፣ ይቅር በይ፤ ክሱም ይቅር» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ወልደሩፋኤል።

«ጠዋት በዚህ በር ሳስገባት ለማን ነው የሰጠኋት?» አሉ እትዬ ደመቀች። «ሕጉ ተማሪ ጠብቁ ይላል አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ካብ ላይ ወጥታ ከሆነ፣ እሺ፣ ይቅር ብያለሁ። ይህቺ ጓደኛዋ ትንገረኝ።»

ሁሉም ወደ ማስተዋል ዞሩ። አቶ ባየው ከድንጋዩ ሥር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ማስተዋል አሻግራ አየች። ሳይናድ የቀረው ካብ እንዳዘመመ ነው። ከሥሩ የአንደኛ ክፍል ልጆች ጥላው ውስጥ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ወደ ቢሮው ጀርባ ሄዳ እዚያ የተጣለውን አጣና እየጎተተች መጣች፤ ከሽማግሌዎቹ ፊትም ጣለችው።

«የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «መጀመሪያ እነዚያን ልጆች ከዚያ አስነሡልኝ። ከዚያ ማን ንቀሉ እንዳለን እነግራችኋለሁ።»

ከሁሉ ቀድመው ወደ ልጆቹ የተነሡት እትዬ ደመቀች ነበሩ።