ከእማዬ አልጋ በላይ ያለው መስኮት

ብሎኖቹን ይዟቸው ሄዷል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ያስተዋለችው የመኪናው ድምፅ ከመታጠፊያው ወዲያ ከጠፋ በኋላ ነው። እጮኛዋ፣ ቤት ጠጋኙ፣ ሥራ ሳይጨርስ ሲሄድ ብሎኖቹን በኩባያ አድርጎ መስኮቱ ሥር መተው ልማዱ ነበር። ዛሬ ኩባያው ባዶ ነው። የመስኮቱ የውስጥ ክፈፍ ተፈትቶ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ መስታወቱ በፕላስተር ብቻ ተይዟል፤ እሱም «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ፊቷን እንኳ ሳያይ ወጥቷል።

ከልጅነቷ ጀምሮ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። ሊጋቡ የቀራቸው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። «የፈሩት ይደርሳል» አለች ለራሷ።

የተዋወቁት ባለፈው ዓመት፣ በዚሁ መስኮት ምክንያት ነበር። ያኔ ከእናቷ ጋር ትኖር የነበረው በዚሁ ተጎታች ቤት ውስጥ ነው፤ በመኪና እየተጎተተ ይሄድ የነበረ፣ ጎማው ከተነፈሰ ግን ዓመታት ያለፉት፣ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ የማይሞላ ቤት። ከእናቷ አልጋ በላይ ያለው መስኮት ክፈፉ ላልቶ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንደ በረደው ሰው ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር። ጠጋኙ መጣ። ለካ። ደግሞ ለካ። አሮጊቷ ተኝታ ስታየው ቆየችና፣ «ይሄ ሰው ሚስት ሲያገባም በሜትር ለክቶ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መግቢያ ጠፋት። እሱ ግን ሜትሩን ኪሱ እየከተተ፣ «እማማ፣ እስካሁን ልኬን አላገኘሁም ነበር» አለና ወደ እሷ ቀና አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ለኪው» ሆኖ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ እናቷ ማሳል ጀመረች። ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ ረጥቦ ያድራል፤ ልጇ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ትጠርገዋለች። ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሲተነፍስ ግድግዳው ያልበዋል ብለው ነበር። «ትንፋሼ ዝናብ ሆነ» እያለች አሮጊቷ ትቀልዳለች። ቀልዱ እያጠረ፣ ሳሉ እየረዘመ ሄደ። ከሁለት ወር በፊት በለኪው መኪና ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ እዚያው ቀረች። ሳንባዋ ቀድሞም ደክሞ ነበር፣ ብርዱ ጨረሳት አለ ሐኪሙ። ከመሞቷ በፊት የሁለቱንም እጅ ይዛ፣ ሐዘን ብላችሁ ጋብቻውን እንዳታቆዩት ብላ ለምናቸዋለች።

አሁን ክፈፉ እንደገና ላልቶ ነበር ሊያየው የመጣው።

በነጋታው አልመጣም። በሁለተኛውም ቀን። ስልክ አያነሳም። ሌላ ሴት አለችው አለች። ሐዘንተኛ ሰለቸው አለች። መኪናው ተገልብጦ ይሆናል አለች። ሦስቱንም ተራ በተራ አለቀሰችባቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የጀመረችውን ቀሚስ ከነመርፌው ጥላ ወደ ለኪው የሥራ ቦታ ሄደች።

ብቻውን ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ ስምንት ብሎኖች ተደርድረዋል።

«ሌላ ሰው ካለ ንገረኝ፤ እችለዋለሁ» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«ሌላ ሰው የለም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከስምንቱ ሦስቱን አንስቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ከሌሎቹ በጥፍር ያህል ይረዝማሉ፤ ጫፋቸው ዝጓል። ያኔ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ሰፍተው አጭር ብሎን አልይዝ ስላሉት፣ እነዚህን ከሌላ ሣጥን አንስቶ እንደጨመረ ነገራት። ያን ቀን ሳይለካ ያስገባው እነሱን ብቻ ነው። ስሱን ጣውላ አልፈው የውጩን ላሜራ በስተዋል፤ ዝናቡም እነሱን ተከትሎ ገብቷል። የትንፋሽ ላብ አልነበረም። ክፈፉን ሲፈታ ከኋላው ያለው ጣውላ ጠቁሮ፣ በጣት ሲነካ ይፈርስ ነበር።

«እማማ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሥር ነው የተኛችው» አለ። «በእኔ እጅ።»

አላለቀሰችም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ መለሰቻቸው።

«መልሰህ ብትዘጋው ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«ለምን ነገርከኝ ታዲያ?»

«ሦስት ቀን ላለመናገር ሞከርኩ። አንቺን አግብቼ እዚያ መስኮት ሥር መተኛት... አቃተኝ።»

ልትመታው ፈለገች። ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም አላደረገችም። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል።

«ዝናብ እየመጣ ነው፤ መስኮቱም አልተዘጋም» አለችው። «ና፣ ጨርሰው።»

ቤት እንደደረሱ የበሰበሰውን ቆርጦ አወጣ፤ አዲስ ጣውላ ገጠመ፤ የተበሳውን ላሜራ ደፈነ። እንዲህ ያለ መስኮት ደግሞ ለብቻ አይገጠምም። ከውስጥ ያለው ክፈፍ ጌጥ አይደለም፤ የውጩን ክፈፍ ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው። አንዱ ከውጭ ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ማጥበቅ አለበት። እሷ ውጭ በርጩማ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ገፋች። እሱ ከውስጥ እያንዳንዱን ብሎን እየለካ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቀ አጠበቀ። በመካከላቸው ያለው መስታወት ብቻ ነው። እንባው አገጩ ላይ ሲደርስ አየችው፤ ካቻቢቴውን የያዘው እጁ ግን አላቆመም። የመጨረሻው ሲጠብቅ መዳፉን ወደ መዳፏ አነሳና፣ መስታወቱ ጋ ሳይደርስ መለሰው።

ሊመሽ ሲል ዕቃውን ሰበሰበ። «ልሂድ» አለ፤ ይጠይቅ ይሰናበት አይለይም።

ልብስ ሰፊዋ የእናቷን አልጋ አየች። ፍራሹ ከተጣለ ጀምሮ ባዶ ጣውላ ነው።

«ይቅር ብዬሃለሁ ብል ዋሸሁህ» አለችው። «ይቅርታው ገና አልመጣልኝም። የመጣ ቀን ግን እዚሁ ያግኝህ።»

ቦርሳውን ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እሷም አንድ ብርድ ልብስ አወጣችና ጣውላው ላይ አነጠፈችለት። የራሷ አልጋ ወዲያ ማዶ ነው። የመጀመሪያው ጠብታ ጣሪያውን ሲመታ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ቀና አሉ።

ከዚያ በአጠገቡ አልፋ በሩን ሳበችና ከውስጥ ቆለፈችው።