ጫፍ የሌለው ዳገት

የሸምሱ ሬሳ የተገኘው ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚያወጣው ዳገት፣ ከመንገዱ ሥር ካለ ገደል ነው። ዘመኑ 1972፣ ወሩ ረመዳን። ብስክሌቱ አጠገቡ ተጋድሟል። ሰው ሁሉ «ሽፍታ ነው» አለ።

መርማሪው መቶ አለቃ ወልደ ጻድቅ ግን ብስክሌቱ ላይ አጎነበሰ። የሰሞኑ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ጎማዎቹን ግን ጭቃ አልነካቸውም። የኋላው ጎማ የተቃጠለ ቆዳ ጥላሸት ለብሷል። የብስክሌቱ ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ከኋላ ትንሿ ጥርስ ላይ ነው። በወጣትነቱ አሥመራ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ነውና ዓይኑ እዚያው ቀረ።

የሟች አባት ዓሊ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ቆርቆሮ ክፍል አስገባው። ወታደሮች ከከተማ አላስወጣ ስላሉት ሸምሱ ለብስክሌት ውድድር የሚለማመደው እዚህ ነበር። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ብስክሌቱን ባለበት የሚያስነዳው የብረት ማቆሚያ ባዶውን ቆሟል።

«ብስክሌቱ እናንተ ዘንድ ነው» አለ ዓሊ፤ «ጎማው ሲያጉረመርም ግን ይሰማኛል። እሮጣለሁ፤ ማንም የለም።»

ወልደ ጻድቅ ማቆሚያውን ወደ ሠራው የሟች አጎት ልጅ ወደ ኢድሪስ ዞረ።

«እውነተኛውን ዳገት ይመስላል?»

«ክብደቱን እንጂ ሌላውን አይመስልም፣ ጌታዬ። ጎማውን ቆዳ ይጫነዋል። ቢሆንም በከባዱ ማርሽ፣ በትንሿ ጥርስ ካልነዱት እግር ዳገት አይለውም። ነፋስ የለ፣ ጫፍ የለ። ሸምሱ ‹ይህ ዳገት አያልቅም› ይል ነበር።»

ለደሴው ውድድር ሸምሱን የመረጠው የስፖርት ኃላፊው በዛብህ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። «ማቆሚያው ሰልችቶት ወጣ» አለ። «ዳገቱን ሲጋልብ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

በማግስቱ ወልደ ጻድቅ ሦስቱንም ከማቆሚያው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«በትንሿ ጥርስ ያንን ዳገት የሚወጣ ጉልበት የለም» አለ። «ወጥቶ ቢሆን ጭቃው ጥላሸቱን በሸፈነው ነበር። ብስክሌቱ የመጨረሻ የተነዳው እዚህ ነው፤ ከዚህ የሄደው ተጭኖ ነው። ኢድሪስ ቢያደርገው ማርሹን ይቀይረው ነበር፤ ያውቃላ! አቶ ዓሊ ያን ቀን ፃግብጂ አገር ለቅሶ ላይ ነበሩ። ኬላውን ጠየቅሁ። በማፍጠሪያው ሰዓት ያለፈችው የእርስዎ መኪና ብቻ ናት፣ ጓድ በዛብህ። ሲጋልብ አየሁት ያሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

በዛብህ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አልመታሁትም» አለ። «ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ግንባሩ ብረቱ ላይ...። ስሙን ለደሴ አስተላልፌ ነበር። ባይቀርብ ‹አሻጥረኛ› ይሉኛል፤ ያኔ ማን ያተርፈኛል?»

ዓሊ ቀስ ብሎ ቀረበው።

«ጾመኛ መሆኑን አልነገረህም?»

«ነግሮኛል። ውሃ ሰጠሁት፤ ‹እስኪመሽ ልረፍ› አለኝ። እምቢ አልኩት።»

«በሩስ?»

በዛብህ ወደ ቆርቆሮው በር ዞሮ አየ።

«በሩስ፣ ልጄ?»

«ከውጭ ቆልፌው ነበር።»

ዓሊ «ኢና ሊላሂ» አለና ወደ በሩ ሄደ። መዳፉን በቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እየዳበሰ አወረደው። ከመቀርቀሪያው ከፍ ብሎ ቆርቆሮው በጡጫ ጎድጉዷል። ጣቶቹን እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አገባ፤ ልክ ሆኑ። ማንም እጁን ከቆርቆሮው ሊያነሳለት አልደፈረም።