ሦስቱ ሲስማሙ

ወደ ሳተርን በምትጓዘው መርከብ ውስጥ ተሳፋሪዎች ለረጅሙ እንቅልፍ ተሰልፈዋል። ዓመት ሙሉ መተኛት እዚያ ብርቅ አይደለም፤ አዲሱ መድኃኒቱ ብቻ ነው።

የትርሲት ሥራ መድኃኒቱን በሦስት የጥናት ቋቶች፣ ማለትም የምርምር ጽሑፎች በተከማቹባቸው ማኅደሮች፣ ማስፈተሽ ነው። የሚፈትሽላት «አሳሽ» የሚባለው ማሽን ነው። የተደጋገመውን ስታስወግድ አንዱ ቋት ብቻ የያዘው ነገር ሁልጊዜ ይተርፋታል። ዛሬ ግን ምንም አልተረፈም። ሦስቱም ያንኑ ጥናት ይዘው «ጉዳት የለውም» አሉ።

ይህ ፍጹም ስምምነት አላማራትም።

«ዶክተር፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች በመነጋገሪያው።

«ሦስቱም ተስማምተው ምን እጠብቃለሁ ልጄ?» አሉ ዶክተር ጉዲና። «ጀምሬያለሁ እኮ።»

ማንም የማይጠይቀውን አራተኛ ቋት፣ የእንስሳት ሕክምናውን፣ ከፈተች። አንድ ጥናት አገኘች። በዚያው መድኃኒት የተኙ ግመሎች በጤና ነቅተዋል፣ በልተዋል፣ ጠጥተዋል። ግልገሎቻቸውን ግን አላወቋቸውም።

«ይሄ ከሦስቱ በአንዱም የለም?» አለችው አሳሽን።

«በሁለቱ ነበረ። ሦስቱም ከያዙት ጥናት ጋር ስላልገጠመ ደበቅኩት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። መልሶች ሲለያዩ ትበሳጫላችሁ፣ ሲገጥሙ ታመሰግኑኛላችሁ። አንቺም ሰኞ ዕለት አመስግነሽኛል።»

ትርሲት እየሮጠች መኝታ ክፍሉ ደረሰች። ዶክተሩ ሁለተኛውን መርፌ ይዘው ነበር፤ ቀምታ ጣለችው። ያነበበችውን ስትነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ የመጀመሪያውን አልጋ አየች። የተኛው ባሏ ምንተስኖት ነው።

«ተራ አስከባሪ ስለነበር ... ሌሎቹ እንዳይፈሩ ብሎ እኔ ልቅደም አለኝ» አሉ ዶክተሩ።

ማንቂያውን ወጉት። ትርሲት እጁን ይዛ ጠበቀች። ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ።

ምንተስኖት ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ፣ ዶክተሩን አየ፣ ከዚያ እሷን። ፈገግ አለና እጁን በትሕትና ከእጇ አላቀቀ።

«ይቅርታ እህቴ» አላት፣ «ባለቤቴን ይጠሩልኝ? ትርሲት ትባላለች፤ እስካሁን ተጨንቃ ይሆናል።»