ለፍቅር ሲባል የታመመው ትራንስፎርመር

መጀመሪያ ያያት ዘይት የሞላ ሲሪንጅ ይዞ የላብራቶሪውን በር በክርኑ ሲገፋ ነው።

«አትነቅንቀው! አየር ይገባበታል!» ብላ ጮኸችበት።

በቃ፣ እዚያው አለቀለት።

የእሱ ሥራ ከትራንስፎርመሮች ሆድ ዘይት መቅዳት ነው፤ የእሷ መመርመር። ትራንስፎርመር አፍ የለውም፤ ሕመሙን የሚናገረው ዘይቱ ውስጥ በሚሟሟ ጋዝ ነው። እሷ ታዲያ አንዲት ጠብታ አይታ የልጅነት ኩፍኙን ሳይቀር ታወጣለች ይባልላታል።

ችግሩ፣ ናሙና የሚወሰደው በስድስት ወር አንዴ ነው። በስድስት ወር ጉንዳን እንኳ ልጁን ድሮ የልጅ ልጅ ያያል! ስለዚህ ዘይት ቀጂው ተንኮል አሰበ። የቮልቴጅ ማስተካከያው ያለበት ትንሹ ታንክ ውስጥ ብልጭታ የዘወትር ነገር ነው፤ ዘይቱም ብልጭታ በሚወልደው ጋዝ፣ አሲቲሊን በአሲቲሊን ነው፤ ዋናው ታንክ ውስጥ ከተገኘ ግን ጉድ ነው። ከዚያ ቀዳና «ከዋናው ታንክ» ብሎ ጻፈበት። ስትደነግጥ «ድገም» ትለኛለች፣ እመላለሳለሁ ብሎ።

እሷ ግን ድገም አላለችም። እጁን አምናው ነበር። «ውስጡ እየነደደ ነው፤ አሁኑኑ ይጥፋ!» ብላ ፈረመች። ግማሽ ከተማ መብራት አጣ። ትራንስፎርመሩ ሲከፈት ውስጡ እንደ ሙሽራ ቤት ንጹሕ!

«አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ ማን ይመንሽ?» አሉ አለቃቸው። «ዓርብ ቁልፍሽን አስረክቢ።»

ዘይት ቀጂው ላብራቶሪ ሲገባ ያንኑ ሲሪንጅ ደጋግማ ታጥባለች።

«ስህተቴ የት እንደሆነ ጠፋኝ...» አለችው። «እስቲ አንተ ንገረኝ፣ እጄ ነው የተበላሸው?»

ሲሪንጁን ከእጇ ተቀበላት።

«የአንቺ እጅ ጤነኛ ነው» አለ። «የተበላሸው የእኔ ነው። የቀዳሁት ከትንሹ ታንክ ነው... ልይሽ ብዬ።»

«ልታየኝ?»

«አዎ...»

«እግር አልነበረህም? ሰው ናፈቀኝ ተብሎ አገር ይጨልማል?»

ቀጥ ብሎ አለቃው ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። እሷ ሥራዋ ላይ ቀረች፤ እሱ ባልዲ ተሸካሚ ሆነ። ሦስት ሳምንት ሰላምታውን አልመለሰችም። ባየችው ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጓንት አጥልቃ ትራንስፎርመሩ ግቢ መጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ የምቀዳው ራሴ ነኝ። አንተ ባልዲውን ያዝ።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ...»

«አላምንህም። የማላምነውን ሰው ደግሞ ከዓይኔ አላርቅም።»

ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። ዛሬም ቤታቸው መብራት በጠፋ ቁጥር ዘወር ብላ ታየዋለች። እሱም ምንም ሳትጠይቀው፣ «እኔ አይደለሁም!» ይላል።