የበክሪ ካሴት ቤት ሁለት ማዳመጫዎች

ሐሙስ ግንቦት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በረመዳን ጾም፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በአሰበ ተፈሪ ከተማ በበክሪ ካሴት ቤትና በአጠገቡ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ኦቦ በክሪ፣ ከድሬዳዋ ዕቃ እያመጣ የሚነግደው ጂብሪል፣ በግድግዳ የምትጎራበተው ሳምቡሳ ሻጭ ረዲያ፣ ከአዛን በኋላ የደረሰችው ኩብራ። በረንዳው ላይ ራዲዮ የሚጠግነው መስዑድ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ወደ ቤቴ ሄጃለሁ ይላል። ሲሄድ ያየው ሰው ግን የለም።

በክሪ ጓዳው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ማጅራቱን በአንድ ምት እንደተመታ ተናግሯል። አጠገቡ የመስዑድ ከባድ ትራንስፎርመር ነበር። የካሴት መደርደሪያው ተገልብጧል፤ የጓሮው በር መቀርቀሪያም ተከፍቷል።

የመቶ አለቃ ኃይለየሱስ ዓርብ ጠዋት ከአሰቦት በጭነት መኪና ደረሰ። ሦስት ቀን ሙሉ የከብት ሌቦች ሲፈልግ ሰንብቶ አንድም አላገኘም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሞገስ ወረቀት ይዞ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀው።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ጓድ መቶ አለቃ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

«ማን ገደለው?»

«መስዑድ። ትናንት ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«በምን ተጨቃጨቁ?»

ሞገስ ትንሽ አፈረ። «በጆሮ ማዳመጫ። በክሪ የድሮው ይበልጣል ሲል፣ መስዑድ አዲሱ ይበልጣል ሲል።»

«በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ከዚህ ባነሰ ነገር ሲገደል አላዩም?»

የመቶ አለቃው አይቷል። 

«የሐረሩ መኪና በስምንት ሰዓት ይነሣል» አለ ሞገስ። «እስረኛው አብሮ ይሄዳል።»

በዚያ ዘመን ወደ ሐረር የተላከ ሰው ቶሎ አይመለስም፤ ጭራሽ ሳይመለስ የቀረም አለ። የመስዑድ እናት መይሙና ይህን ስለምታውቅ ከንጋት ጀምሮ ከጣቢያው በር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማንንም አልለመነችም።

የመቶ አለቃው ወደ እስር ክፍሉ ገብቶ መስዑድ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ትራንስፎርመሩ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ልጠግንበት ነበር። ጾሙ አደከመኝና በክሪ ጓዳ አስቀምጬው ሄጄ ተኛሁ።»

«ስትተኛ ማን አየህ?»

«የተኛ ሰውን ማን ያየዋል፣ መቶ አለቃ?»

«ጭቅጭቁስ?»

«አዲሱን ማዳመጫ ‹ይሄ ወንፊት ነው፣ የመንገዱን ጫጫታ ሁሉ ያስገባል› አለኝ። እኔም ‹ያንተ ደግሞ የበቅሎ ኮርቻ ነው› አልኩት። ወላሂ፣ ሳቀ። ስንጮህ ሰሙን እንጂ ስንስቅ ማንም አልሰማንም።»

የመቶ አለቃው በእግሩ ወደ ካሴት ቤቱ ሄዶ ሞገስ ያሸገውን በር ከፈተ። የፊተኛው ክፍል መስኮት የለውም፤ በክሪ ድምፅ እንዳይገባ ብሎ ግድግዳውን በጆንያ ሸፍኖታል። ጠረጴዛው ላይ ቴፕ አለ፤ ካሴቱ ውስጡ እንዳለ ነው። ከጎኑ ሁለት ማዳመጫዎች ተቀምጠዋል። አንዱ በክሪ በንጉሡ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ከአንድ ግሪክ የገዛው ነው፤ ጥቁርና ወፍራም፣ ጆሮን በላስቲክ ግጥም አድርጎ የሚከድን። ሌላው ጂብሪል ሐሙስ ጠዋት ያመጣው ነው፤ ቀጭን ሽቦና ሁለት ብርቱካናማ ስፖንጅ ብቻ። ከቴፑ ፊት ሦስት የቴምር ዘሮች ነበሩ።

ረዲያን ደጃፏ ላይ አገኛት።

«አዴ ረዲያ፣ ትናንት ምን ሰሙ?»

«ሾርባ እየቀዳሁ ግድግዳው ጓ አለ። አፈር ሳህኑ ውስጥ ረገፈ። በክሪን ረገምኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። መሞቱን መች አወቅሁ።»

«ከአዛን በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት። ሁለተኛውን ሳህን ሳልሞላ አዛን አለ። ማጉያው ስለተበላሸ ሙአዚኑ በጉሮሮው ነው የሚጠራው። ጆሮ አቁመን ነው የምንሰማው።»

«በፊት ለፊት በር ማን ገባ?»

«በአሥራ አንድ ተኩል ጂብሪል ገባ። ከዚያ ኩብራ እስክትመጣ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። ሳምቡሳ የሚገዛው ሰው በሩ ድረስ ተሰልፎ ነበር።»

ጂብሪል የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ምን ስትሠራ ነበር?»

«ሁለቱን ማዳመጫ ሳስተያይ ነበር። በመጨረሻ የድሮውን አድርጌ ቀረሁ። ኩብራ ትከሻዬን እስክትነካኝ ከጆሮዬ አላወረድኩትም።»

«መደርደሪያው ሲወድቅ አልሰማህም?»

«በሱ? ቤቱ ቢፈርስም አይሰማም። ራስዎ ይሞክሩት።»

«እሞክረዋለሁ። የቴምሩ ዘር የማን ነው?»

«የኔ። አዛን እንዳለ በሦስት ቴምር አፈጠርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም።» ይህን ሲናገር ብቻ ድምፁ ሞቅ አለ።

«ሰዓት ታስራለህ?»

«ነበረኝ። ኬላ ላይ ወሰዱብኝ።»

ኩብራ የመጨረሻዋ ነበረች። ባሏ ጂዳ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ ድምፁን በካሴት ቀርጾ በጂብሪል እጅ ይልክላት ነበር፤ ቴፕ ስለሌላት በበክሪ ቤት ታዳምጣለች።

«አሁንስ?»

«ሁለት ዓመት ምንም አልመጣም። ጂብሪል ሌላ አግብቷል አለኝ። ከዒድ በኋላ ቃዲ ዘንድ ሄጄ ልፈታ ነው። ሽማግሌም ተልኮብኛል።»

«ማን ላከ?»

«ራሱ ጂብሪል።»

«ትናንት ለምን መጣሽ?»

«ኦቦ በክሪ ‹ካፈጠርሽ በኋላ ነይ፣ የምታዳምጪው አለ› ብሎ ልኮብኝ። ስደርስ ጂብሪል ማዳመጫ አድርጎ ተቀምጧል። ትከሻውን ብነካው ደነገጠ። ወደ ጓዳ ስገባ ኦቦ በክሪ ወድቋል።» 

የመቶ አለቃው ብቻውን ሲቀር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቴፑን ከፈተ። ስፖንጁን ሲያደርግ ዘፈኑ ጥርት ብሎ ተሰማው፤ ረዲያ ድስት ስትፈትግ፣ አህያ ሲነዳም አብሮ ሰማ። ከዚያ የድሮውን አደረገ። ረዲያም አህያውም ጠፉ። ሁለት ዘፈኖች በሚገናኙበት ጸጥታ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሰማ። ካሴቱን መልሶ ሦስት ጊዜ አዳመጠ። ድካሙ አልለቀቀውም፤ ግን ተነሣ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም በካሴት ቤቱ ሰበሰባቸው። መስዑድ እጁ ታስሮ መጣ። ሞገስ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ዛሬ ጁምዓ ነው፣ አላቆያችሁም» አለ የመቶ አለቃው። «ጂብሪል፣ እንደ ትናንቱ ተቀመጥ። የድሮውን አድርግ። ካሴቱንም በትናንቱ ድምፅ ልክ ክፈተው።»

ጂብሪል አደረገ። ሌሎቹ በተዘጋው በር ውስጥ ዝም ብለው ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ የሙአዚኑ ድምፅ ከላይኛው መንገድ ቀጭን ሆኖ መጣ። ረዲያ በከንፈሯ መለሰች። መስዑድ ራሱን ዝቅ አደረገ። ጂብሪል ግድግዳውን እያየ ነበር። አዛኑ ሲያበቃ የመቶ አለቃው ማዳመጫውን አወለቀለት።

«ምን ሰማህ?»

«ዘፈን።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ይሰማል? ነግሬዎታለሁ።»

«አዛን እኮ ወጣ፣ ጂብሪል» አለችው ረዲያ።



«ትናንትም እንዲሁ ነው» አለ የመቶ አለቃው። «ይህን ማዳመጫ አድርገህ ከነበር መደርደሪያው ሲወድቅ አልሰማህም፤ አዛኑንም አልሰማህም። ሰዓት የለህም፣ መስኮት የለም፣ የነገረህም ሰው የለም። አንተ ግን ልክ በአዛን አፈጠርክ። ስለዚህ ጆሮህ ክፍት ነበር።»

«ስፖንጁን አድርጎ ቢሆንስ?» አለ ሞገስ።

«ስፖንጁማ ወንፊት ነው። እኔ በሱ ድስት ሲፈተግ ሰምቻለሁ። አዛን የሰማ ጆሮ፣ አንድ ሳህን ሾርባ ለመቅዳት ያህል ቀደም ብሎ አጠገቡ የወደቀውን መደርደሪያ አይስተውም። ሰምቶ አልሰማሁም ያለው ለምንድን ነው? በጓሮ የገባ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰማሁ ማለት ይጠቅመው ነበር። የገባ የለም። ሌላ ሰው የገባ እንዲመስል መቀርቀሪያውን ከውስጥ የከፈተው እሱ ነው፤ በፊት በር እንዳይወጣ ሰልፉ ያየዋል፣ በጓሮ እንዳይሄድ ሲገባ ታይቷል። ስለዚህ ምንም እንዳልሰማ ሰው ተቀመጠ።»

«ጓደኛዬን ለምን እገድላለሁ?» አለ ጂብሪል። ድምፁ ደክሟል።

የመቶ አለቃው ካሴቱን ጥቂት ወደ ኋላ መለሰና የድሮውን ማዳመጫ ለኩብራ ሰጣት። «በዘፈኖቹ መሃል አድምጪ።»

ኩብራ አደረገችው። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ በሁለት እጇ ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ ጫነችው።

«እሱ ነው» አለች። «‹ኩብራ፣ አራተኛ ካሴት ነው የምልክልሽ፣ ለምን ዝም አልሽ› ይላል።»

«ባሏ የላከውን አንተ ላዩ ላይ ዘፈን ቀዳህበት» አለ የመቶ አለቃው። «ቴፑ ግን አጥርቶ አላጠፋውም። ትናንት ጠዋት አዲሱን ማዳመጫ ለማሳየት ከካሴቶችህ አንዱን ይዘህ መጣህ። በክሪ በስፖንጁ ዘፈኑን ብቻ ሰማ። በድሮው ሲያስተያይ ግን ሰውዬውን ሰማው። ወደ ኩብራ ላከ፤ አንተ ደግሞ ከመድረሷ በፊት አስቆምከው። ኩብራ ስትደርስ ካሴቱ ቴፑ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ እንዳትወስደው ጓድ ሞገስ በሩን አሽገውታል። ያ ብቻ ነው የጠቀመን።»

ጂብሪል የቴምሩን ዘሮች ያይ ነበር። «በስፖንጁ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ምንም የለበትም ነበር። በክሪን ለመንኩት። ‹ከዒድ በኋላ ንገራት› አልኩት። ‹ዛሬ ነው የምነግራት› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

መስዑድ የታሰረ እጁን ወደ ሞገስ ዘረጋ። ሞገስ ቁልፉን ለማግኘት ሁለቱንም ኪሱን ፈተሸ።

መኪናው በስምንት ሰዓት ጂብሪልን ይዞ ወደ ሐረር ተነሣ። ኩብራ ካሴቱን ጠየቀች፤ ማስረጃ ስለሆነ አልተሰጣትም። የመቶ አለቃው ባሏ የሚናገረውን በወረቀት ገልብጦ ሰጣት። መስዑድ ከጣቢያው ሲወጣ እናቱ ከድንጋዩ ተነሥታ ተከተለችው።