ሰባተኛው ሙያ

ወይዘሪት ለምን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ጥያቄ ስለምታበዛ አባቷ እንኳ በዚህ ነው የሚጠራት። ከእናቷና ከአባቷ ጋር አንድ ፎቅ ቤት ላይኛው ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ከሥራቸው ያለው ክፍል የሙዚቃ አስተማሪዋ ቤት ነው።

የሰፈሩ ሰው አስተማሪዋን «እትዬ ሰባት ሙያ» ይላቸዋል። ጠዋት ትምህርት ቤት ፒያኖ ያስተምራሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ምን ሲሠሩ እንደሚገኙ አይታወቅም። አንድ ቀን የተገነጣጠለ መጽሐፍ ይጠርዛሉ። ሌላ ቀን ቆሞ የቀረ ሰዓት ፈታተው ጠረጴዛው ላይ ይበትናሉ። ጣሪያው ላይ ሁለት የንብ ቀፎ አላቸው። ዝናብ ሲያባራ ደግሞ በረንዳ ላይ ባስቀመጡት ብርጭቆ የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ለክተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ግን የተሰበረ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገን ነው።

ወይዘሪት ለምን ይህን ሁሉ በጣቷ ቆጠረች። ስድስት ሆነ። ደግማ ቆጠረች፤ አሁንም ስድስት።

«እትዬ፣ ሰባተኛው የታለ?» አለቻቸው።

«እሱ ገና አልተዋጣልኝም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ ከመካከላችሁ አለች? እሷም አልተቀመጠችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ወደ እትዬ ቤት መሮጥ ሆነ ሥራዋ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ቫዮሊናቸውን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። የፊት ሳንቃው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ሳልሰብር አድርሻለሁ» አሉ ፖስተኛው፤ «የገዛ ዕቃዬ ላይ ግን ተቀመጥኩበት።»

ቫዮሊኑ ለእሑድ ያስፈልጋቸው ነበር። እህታቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ እሑድ ከሰዓት ሄደው ሊያጫውቷቸው ቃል ገብተዋል። እትዬ ሳንቃውን አገላብጠው አዩና ይደርሳል አሏቸው።

ሙጫውን በሞቀ ውሃ አቅልጠው ስንጥቁን በቀጭን ብሩሽ ቀቡት። ከዚያ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ደጋግመው ጠምጥመው አሰሩት።

«እስከ ነገ ከሰዓት አይነካም» አሉ። «ሙጫ ሲይዝ ሰው እንዲያየው አይወድም።» ይህን ብለው ንቦቻቸውን ለማየት ወደ ጣሪያው ወጡ።

ወይዘሪት ለምን ብቻዋን ቀረች። ለምንድነው ማየት የማይቻለው? ውስጡስ ምን እየሆነ ነው? ፈሳሹ ነገር እንጨት የሚሆነው በየትኛው ደቂቃ ነው? መጀመሪያ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች። ቀጥሎ በአንድ ጣት ብቻ ጎማውን ነካች። ቀጥሎ አንዱን ዙር ፈታች፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ስንጥቁን በሁለት አውራ ጣቶቿ ገፋ ስታደርገው «ቀጭ» አለ።

ደነገጠች። ጎማውን እንደነበረ ጠምጥማ ሹልክ ብላ ወደ ቤቷ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ልጅቷ እያየች ጎማውን ሲፈቱ ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። ሙጫውን አሸተቱ፤ በጣታቸው አሹት። ከዚያ ሁለት እጆቻቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሙጫው ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ እጄ ነው።»

እናታቸውም በዚህ ዕድሜ ነበር እጃቸው መድከም የጀመረው። በሰው ዕቃ ደግሞ አይቀለድም። የመጠገኛ መሣሪያዎቻቸውን ለሰፈሩ አናጢ እንደሚሰጡና ፖስተኛውን ይቅርታ እንደሚጠይቁ ነገሯት።

ወይዘሪት ለምን ምንም አልተጠየቀችም። ስላልተጠየቀች አልዋሸችም፤ ለራሷ እንዲህ አለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

በእራት ሰዓት እናቷ ጸሎት አድርሺ አለቻት። እሷም ጀመረች። ይቅር በለን የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ጠፋ። ምግቡ ቀዘቀዘ። አባቷ ምን ነካት ብሎ እናቷን አየ። እናቷ በጸጥታ ጸሎቱን ጨረሰችላት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ታች ስትወርድ በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ትንንሾቹን ቢላዎችና ብሩሾች አንድ በአንድ በጨርቅ እየወለወሉ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። አናጢው እየመጣ ነው። ልጅቷ ገባች።

«እትዬ፣ የእርስዎ እጅ አይደለም» አለች። «የእኔ እጅ ነው። ፈትቼ አየሁት።»

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጅቷ ቁጣ ጠበቀች። እሳቸው ግን መጀመሪያ ያዩት እጆቻቸውን ነበር፤ አገላብጠው አዩአቸው።

«እነዚህን ምስኪኖች ከትናንት ጀምሮ ስወቅሳቸው ነበር» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩአት። «መክፈትሽ አሳዝኖኛል። ግን ለተከፈተ ነገር መፍትሔ አላጣም። እጄን ማመን ሳቆም እያየሽ ዝም ማለትሽ ነው የከበደኝ።»

ወይዘሪት ለምን አለቀሰች። ይቅርታ ጠየቀች፤ ይቅርታም አገኘች። አናጢው ሲመጣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ፖስተኛው ዘንድ ሄዳ መናገር ግን የራሷ ድርሻ ሆነ። ደጃፋቸው ላይ ቆማ እግሯን እያየች ሁሉንም ነገረቻቸው።

«አንቺም ተቀመጥሽበት በይኛ» አሉ ፖስተኛው፤ ራሷን ዳበስ አደረጓት።

እትዬ አሮጌውን ሙጫ አጥበው ቫዮሊኑን እንደገና አጣበቁት። በዚያው ሙጫ ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣብቀው ሰጧት። «ማወቅ ሲያምርሽ ይህንን ክፈቺ» አሏት። «ጥያቄሽን አትተዪ፤ የምትጠይቂበትን ነገር ግን ምረጪ።»

እሷም ቁራጩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። እየደጋገመች አየችው፤ ግን አልከፈተችውም።

እሑድ ከጸሎት መልስ ጎማው ተፈታ። ስንጥቁ ተዘግቷል። ልጅቷ የራሷን ቁራጭ በሙሉ ኃይሏ ብትጎትተው ንቅንቅ አላለም። እትዬ ክሮቹን ወጥረው ቀስቱን ሲያሳርፉ ክፍሉ በድምፅ ሞላ። ፖስተኛው ቫዮሊኑን ታቅፈው፣ የሚቀመጡበትን ሁሉ እያዩ፣ ወደ እህታቸው ሄዱ።

«እትዬ» አለች ወይዘሪት ለምን፣ «ሰባተኛው ሙያ መጠበቅ ነው እንዴ?»

እትዬ ሳቁ። «ነው። ስድሳ ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ ጎማውን ሁለት ጊዜ ልፈታ ተነስቼ ነበር። እስቲ አብረን እንማረው።»

ልጆች፣ ለማወቅ መጓጓት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ባጠፋን ጊዜ ግን ማንም ሳይጠይቀን ቶሎ እንናገር፣ የእኛ ዝምታ በሌላ ሰው ላይ ሸክም ይሆናልና።