«በፍጹም» የተባለው ደብዳቤ

የድንበሩ ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከወንዙ ማዶ ከሰፈረው የባዕድ ጦር አዛዥ ለአገረ ገዥው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰ፤ ጦሩን የሚነቅፍ ወረቀት አትሞ፣ አምልጦ የተሻገረውን አታሚ ወታደሮቹ ገብተው ይወስዱት ዘንድ ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። በከተማው እንግሊዝኛ አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም በወጣትነቱ ወደብ ላይ ሲሠራ ከመርከበኞች አፍ ቋንቋውን የለቀመ፣ ጺሙ የሸበተ አስተርጓሚ ነው። አታሚው የታናሽ እኅቱ ባል ነበር።

አገረ ገዥው ይህን ያውቁ ነበርና፣ «አይዞህ፤ ቤቴ የገባን ሰው አሳልፌ አልሰጥም። በፍጹም ብለህ ጻፍላቸው፤ ቃሉ ጠንከር ይበል» አሉት።

«ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ክቡር ሆይ።»

ተራዋ «ኖ» ለእንዲህ ያለ ቀን አነሰችበት፤ መርከበኞች ደረታቸውን ነፍተው የሚናገሯት «ባይ ኦል ሚንስ» ትዝ አለችው። ኦል ሁሉ፣ ሚንስ መንገድ፤ በሁሉም መንገድ፣ እንግዲህ በፍጹም ማለት ነው ብሎ ባማረ ፊደል ጻፈ፤ አገረ ገዥውም ማኅተማቸውን አሳረፉበት። ለእኅቱም፣ «በቃ፣ ሐሳብ አይግባችሁ» አላት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወታደሮች ድልድዩን ተሻገሩ። አስተርጓሚው እያለከለከ ሲደርስ አማቹ ቀለም የነካው እጁ የፊጥኝ ታስሯል።

«እናንተው ፈቅዳችሁ!» አለ መኮንኑ ደብዳቤውን ዘርግቶ።

«ከለከልን እንጂ! በፍጹም ነው ያልነው!»

«ይህማ ‹እንዴታ፣ ደስ እያለን› ማለት ነው። ለመከልከል ‹ባይ ኖ ሚንስ› ነበር የሚባለው።»

«ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት?»

«አንዲት ቃል» አለ መኮንኑ፤ አዘነለት መሰል ዐይኑን ሰበረ፤ «እኔ ግን ታዛዥ ነኝ።»

ማረሚያ ደብዳቤ ወዲያው ተላከ፤ ከማዶ፣ «በማኅተም የጸና ቃል አይመለስም» የሚል መልስ መጣ። አገረ ገዥው ሃያ ዘበኛ ብቻ ነበራቸው፤ በወንዙ ማዶ መድፍ ተደርድሯል።

እኅቱ እጀጠባቡን ጨምድዳ ያዘችው። «ወንድም ጋሼ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?»

«በፍጹም ብዬ ነው» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ምላሱ እምቢ አለው።

አታሚው በዚያው ክረምት ተሰቀለ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎችም «አገረ ገዥው ስደተኛውን በደስታ አስረከቡ» ብለው አሰፈሩ፤ ደብዳቤው በእጃቸው ነበርና ዋሹ አይባልም። አገረ ገዥው አስተርጓሚያቸውን ሳይከሱ ነቀፋውን ተሸክመው አለፉ፤ እኅቱም እስክትሞት ድረስ ባሌን አሳልፈው ሰጡት ብላ እኚያን አገረ ገዥ ስትረግም ኖረች፤ አስተርጓሚው ግን በረገመች ቁጥር አጠገቧ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር።